ከመኪና ላይ ቀረጥ ሲነሣ ጥቅሙ ለማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ የንግግር ፕሮግራም ላይ በአንድ የምጣኔ ሀብት ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የፕሮግራም ክፍል ለዛሬው ምሽት ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አላሰብኩም። አሳቡ የመጣልኝ ከዚሁ ከግቢያችን በር ላይ ነው። ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በበሩ ፊት ለፊት የቆመውን የታክሲ ሰልፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰልፈኛው እግሩን እያፈራረቀ ሲጠብቅ፥ ድምፅ የሌላቸው አዳዲስ መኪናዎች በአጠገቡ ሽው እያሉ ያልፋሉ። እነዚህ መኪናዎች ቤንዚን አይጠጡም፤ ጭስ አያወጡም። ወደ አገራችን ሲገቡም መንግሥት ከሌሎች መኪናዎች ላይ ከሚወስደው ግብር አብዛኛውን በ2014 ዓ.ም. ከነሱ ላይ አንሥቶላቸዋል። ሰልፈኛውና መኪናዎቹ በአንድ መንገድ ላይ ሲተያዩ የሚነሣው ጥያቄ የዛሬው ንግግሬ ርእስ ነው፤ ይኸውም ከመኪና ላይ ቀረጥ ሲነሣ ጥቅሙ ለማን ነው? የሚል ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ተቃዋሚ አይደለሁም። ነዳጅ የማታወጣ፥ ወንዝ ግን የሞላላት አገር በወንዞቿ ኃይል ብትጓዝ የሚጠላ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬም አላምንም። ጥያቄዬ ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ ቀረጡ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ነውና በመጀመሪያ ማበረታቻ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንመልከት። መንግሥት ሰዎች አንድን ዕቃ እንዲገዙ ሲፈልግ በግብር በኩል ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ዕቃው ከውጭ ሲገባ ወይም ሲሸጥ የሚከፈለውን ቀረጥና ታክስ መቀነስ ወይም ጨርሶ ማንሣት ነው። ሁለተኛው ገዢው በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው የገቢ ግብር ላይ የተወሰነ ገንዘብ እንዲቀነስለት ማድረግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተወደደውን ዕቃ እንዳለ ትቶ በተጠላው ዕቃ ላይ ግብሩን ማክበድ ነው። ሦስቱም መንገዶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ መንግሥት በኪሱ ገብቶ ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ይተዋል፥ ወይም የአንዱን ሸክም ወደ ሌላው ያዛውራል። የተተወ ግብር ከካዝና ወጥቶ ከተሰጠ ገንዘብ የሚለየው በዐይን ባለመታየቱ ብቻ ነው። በባጀት መጽሐፍ ላይ «ለእገሌ መኪና መግዣ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ምክር ቤቱም ጋዜጣውም በተነጋገረበት ነበር። ቀረጡ ሲነሣ ግን ገንዘቡ ቀድሞም ያልነበረ ይመስል በጸጥታ ያልፋል።

የገንዘቡን መጠን ለመገመት አንድ ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌላችኋለሁ። ወደብ ደርሳ ኢንሹራንሷና ማጓጓዣዋ ተደምሮ 1,000,000 ብር የምታወጣ አንዲት አዲስ የቤንዚን መኪና እናስብ። የጉምሩክ ቀረጡ 35 ከመቶ ቢሆን 350,000 ብር ይጨመራል፤ 1,350,000 ይሆናል። በዚህ ድምር ላይ ኤክሳይዝ ታክሱ 60 ከመቶ ቢሆን 810,000 ብር ነው፤ 2,160,000 ይደርሳል። በዚህ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ፥ ይኸውም 324,000 ብር ተደምሮ 2,484,000 ይሆናል። በመጨረሻ ሱር ታክስ 10 ከመቶ፥ ማለት 248,400 ብር ሲታከልበት መኪናዋ 2,732,400 ብር ሆነች ማለት ነው። እንግዲህ በታክስ ላይ ታክስ እየተደራረበ ዋጋዋ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አደገ። በዚያው በ1,000,000 ብር ወደብ የደረሰች የኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይዙም፥ ተጨማሪ እሴት ታክሱም፥ ሱር ታክሱም ተነሥቶላት የ15 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ብትከፍል 1,150,000 ብር ትሆናለች። ልዩነቱ 1,582,400 ብር ነው።

እርግጥ ነው፥ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለመንግሥት ይገባ ነበር ማለት አይደለም። ቀረጡ ባይነሣ ኖሮ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ መኪናውን አይገዙም ነበር። ሆኖም ለአንዲት መኪና ምን ያህል ልዩ አስተያየት እንደተደረገ ሒሳቡ ያሳያል። በዚያው ዘመን አንድ የቀን ሠራተኛ ሳሙና ሲገዛ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እየከፈለ መሆኑን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አስቡት።

አሁን ይህን መንገድ ከኛ በፊት የሄዱበት ሁለት አገሮች ምን እንዳጋጠማቸው ባጭሩ ላውጋችሁ።

የመጀመሪያዋ ኖርዌይ ናት። ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. አሃ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ሁለቱ፥ ሞርተን ሃርኬትና ማግኔ ፉሩሆልመን፥ ቤሎና ከተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር መሪ ከፍሬድሪክ ሃውገ ጋር ሆነው ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠች አንዲት ትንሽ ፊያት ፓንዳ ወደ አገራቸው አስገቡ። የመንገድ መተላለፊያ ክፍያ በሚጠየቅበት ኬላ ሁሉ ሳይከፍሉ ያልፉ ነበር። ቅጣቱ ሲጠራቀም መኪናይቱ ተይዛ በሐራጅ ተሸጠች፤ ራሳቸው መልሰው ገዟት፤ እንደገና ሳይከፍሉ አለፉ። ይህ የወጣቶች እልህ ለመንግሥት አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ ጭስ የማታወጣ መኪና ጭስ ከምታወጣው እኩል ለምን ትከፍላለች? የሚል ነው።

መልሱ ደረጃ በደረጃ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከመመዝገቢያ ግብር ለጊዜው ነፃ ሆነ፤ በ1996 ዓ.ም. ነፃነቱ ጸና። በ1997 ዓ.ም. የመንገድ መተላለፊያ ክፍያ ቀረለት። በ2001 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ተደረገ፤ ይህ ታክስ በዚያ አገር 25 ከመቶ ስለሆነ ትልቅ ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. በአውቶቡስ መሥመር እንዲሄድ ተፈቀደለት። በአንጻሩ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንደ ክብደቱና እንደ ጭሱ መጠን ከባድ ግብር ይከፍል ነበር። ውጤቱ እስኪታይ ብዙ ዓመት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ግን በኖርዌይ ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች 88.9 ከመቶ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው ማበረታቻው እንደተሰጠ እንዳልቀረ ነው። መኪናዎቹ በበዙ ጊዜ አውቶቡሶች በገዛ መሥመራቸው መተላለፊያ አጡ፤ ስለዚህ ገደብ ተደረገ። ከጥር 2023 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮም የመኪናው ዋጋ ከ500,000 ክሮነር በላይ ከሆነ በትርፉ ላይ ታክስ እንዲከፈል ተወሰነ። ይህም ማለት መካከለኛ መኪና የሚገዛው እንደ ታገዘ ቀረ፤ የቅንጦት መኪና የሚገዛው ግን ለቅንጦቱ ከፈለ። ሁለተኛው ነገር ኖርዌይ እንደኛ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ የምታገኝ አገር ብትሆንም ነዳጅና ጋዝ ለውጭ ገበያ የምትሸጥ ሀብታም አገር መሆኗ ነው። እሷ የተወችው ግብር ከሆስፒታሏና ከትምህርት ቤቷ ላይ አልጎደለም። እኛ ግን የምንተወው እያንዳንዱ ብር ከአንድ የተወሰነ ነገር ላይ ይጎድላል።

ሁለተኛዋ አሜሪካ ናት። እሷ የመረጠችው መንገድ የገቢ ግብር ቅነሳውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በወጣው ሕግና በተከታዩ ዓመት በተሻሻለው መሠረት፥ ባትሪው ከኤሌክትሪክ መሥመር የሚሞላ አዲስ መኪና የገዛ ሰው እንደ ባትሪው ትልቅነት ከ2,500 እስከ 7,500 ዶላር ከግብሩ ይቀነስለት ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት ለሁሉም እኩል የተዘረጋ እጅ ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ ቅነሳውን የሰጠው ግብር ላለበት ሰው ብቻ ነው። በዓመት 3,000 ዶላር ግብር ያለበት ቤተሰብ ከ7,500ው የሚደርሰው 3,000ው ብቻ ነበር፤ የቀረው ይባክናል። ከነጭራሹ ግብር የማይደርስበት ድኻ ምንም አያገኝም። ሰቨሪን ቦረንስታይንና ሉካስ ዴቪስ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እስከ 2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያለውን የግብር መዝገብ መርምረው ያገኙት ነገር አሳዛኝ ነው። ሕዝቡ በገቢው አምስት ቦታ ቢከፈል፥ ለኤሌክትሪክ መኪና ከተሰጠው ቅነሳ 90 ከመቶ ያህሉን የወሰደው ከላይ ያለው የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ጉድለቱን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ሊያርመው ሞከረ። ገቢው ለነጠላ ሰው ከ150,000፥ ለባልና ሚስት ከ300,000 ዶላር በላይ የሆነ እንዳያገኝ ከለከለ። የመኪናውም ዋጋ ለተራ አውቶሞቢል ከ55,000 ዶላር እንዳይበልጥ አደረገ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከ25,000 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ለሚገዛም እስከ 4,000 ዶላር ፈቀደ። ከ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ገዢው የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ ቅነሳውን እዚያው ሻጩ ዘንድ እንዲያገኝ ተደረገ። እነዚህ ሁሉ ብልህ ማረሚያዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ መንግሥት ተለወጠና በሐምሌ 2025 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በተፈረመ ሌላ ሕግ ቅነሳው በሙሉ በመስከረም 30 ቀን እንዲቆም ሆነ። ሕጉ ከተፈረመ እስኪያበቃ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። አሳቡን በማበረታቻው ላይ መሥርቶ ፋብሪካ የከፈተም፥ ለመግዛት ያጠራቀመም ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነሣበት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይጎርፉ በአሮጌዎቹ ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከኤክሳይዝ፥ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡንም ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 ከመቶ፥ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5 ከመቶ አድርጎ፥ ፈጽሞ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ጨርሶ አነሣለት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ገለጹ። በዚህ ረገድ አገራችን በዓለም የመጀመሪያዋ ተባለች።

ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። የምንጠቀመው ነዳጅ ከውጭ የሚመጣና የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከቡና፥ ከወርቅና ከአበባ የምናገኘውን ዶላር በጭስ መልክ ወደ ሰማይ እንለቀዋለን። በሌላ በኩል ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 ከመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ የውጭ ነዳጅን በአገር ውስጥ ውኃ ለመተካት የተነሣው አሳብ ትክክለኛ ነው። ቀረጡ በደረጃ መለያየቱም፥ ማለት ለተበታተነው ቀለል ተደርጎ ለተገጣጠመው ከበድ መደረጉ፥ እዚሁ አገር መገጣጠሚያ እንዲከፈትና ወጣቱ ሥራ እንዲያገኝ የታሰበ ስለሆነ የሚመሰገን ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የእናቴ ወንድም የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነው። መኪናይቱ የሱ አይደለችም፤ ለባለቤቱ በየማታው ገቢ ያስገባል፤ የነዳጁንና የረዳቱን ችሎ የተረፈችውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሣ ሲሄድ ለታክሲዎች የተለየ ድጎማ ቢደረግም፥ በማደያ የሚያድርበት ቀን ብዙ ነው። ባለፈው ክረምት ስለዚህ ቀረጥ ጉዳይ ሳጫውተው በጥሞና አዳመጠኝና እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፥ ቀረጡ ተነሣ ብለህ የነገርኸኝ ደግ ነው። ግን ለኔ የተነሣው ምኑ ነው? ባንኩ ቤት አስይዝ ይለኛል፤ ቤት ቢኖረኝ ኖሮ የሰው መኪና እነዳ ነበር? ደግሞስ ባትሪው እኩለ ቀን ላይ ቢያልቅ ቆሜ ስሞላ ተራዬን ማን ይጠብቅልኛል? ባትሪው ቢሞትስ ማን ይሠራልኛል?» ሦስት ዓመት ስለ ምጣኔ ሀብት የተማርኩት እኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የማቀርብላችሁ አሳብ ለሱ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የገንዘብ ነው። የቀረጥ ነፃነት የሚረዳው ቀድሞውንም መኪና መግዛት የሚችለውን ሰው ነው። ሌላው ሰው በዋጋ መቀነሱ አይጠቀምም፤ ምክንያቱም የቀነሰውም ዋጋ ከአቅሙ በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብር በእጅጉ ስለረከሰ፥ ቀረጥ የተነሣለትም መኪና ቢሆን በብር ሲታሰብ ተወዷል። ታዲያ የአሜሪካኖቹ ሊቃውንት በመዝገብ ያገኙትን እኛ መዝገብ ሳንመረምር ከታክሲው ሰልፍ ላይ ቆመን ልናየው እንችላለን። ነፃነቱ ለአንድ ቤተሰብ ሦስተኛ መኪናም፥ አሥራ ሁለት ሰው ለሚጭን ሚኒባስም ሳይለይ ከተሰጠ፥ በአንድ ብር የተተወ ግብር ስንት ሰው ተጓጓዘ? ተብሎ አልተጠየቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የተራው ነው፤ ይኸውም የባትሪ መሙያ ጉዳይ። በግቢው ግድግዳ ላይ መሙያ ያስገጠመ የቪላ ባለቤት ማታ ሰክቶ ጧት ይነዳል። በኪራይ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሾፌር ግን የሚሞላው በሕዝብ ጣቢያ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ መክፈቱ ጥሩ ጅምር ነው። ግን ከዋና ከተማው ወጥቶ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ልቡ እንደተንጠለጠለ ነው። ኖርዌይን አይተን መኪናውን ብቻ ከገለበጥን፥ ከመኪናው ጋር አብሮ የተዘረጋውን መሥመር ትተነዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የጥገናው ነው። በየሰፈሩ ያለው ጋራዥ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የተማረው ሞተር መፍታት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሯ ቀላል ነው፤ በዘይትና በማጣሪያ አታስቸግርም። ነገር ግን ባትሪዋ የመላዋን መኪና ዋጋ ከፍ ያለ ክፍል ይይዛል፤ ኃይሉም ያልተማረ እጅ ቢነካው ሰው የሚገድል ነው። ዛሬ ቀረጥ ሳይከፈልባት የገባች መኪና ከጥቂት ዓመት በኋላ ባትሪዋ ደክሞ የሚያክማት ካጣች፥ የተተወው ግብር ከነመኪናዋ ጥግ ላይ ይቆማል። ዶላሩም ሁለት ጊዜ ጠፋ ማለት ነው፤ አንዴ ለመኪናዋ፥ አንዴ ለምትክዋ።

«እንግዲያውስ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ነቅፎ መቀመጥ የተማረ ሰው ሥራ አይደለምና አምስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ሙሉው የቀረጥ ነፃነት በመጀመሪያ ብዙ ሰው ለሚጭነውና ቀኑን ሙሉ ለሚሠራው ይሰጥ። አውቶቡስ፥ ሚኒባስ፥ ባለሦስት እግር፥ አነስተኛ የጭነት መኪና። የግል አውቶሞቢል ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሲቆም ታክሲ ከንጋት እስከ ምሽት ይሮጣል። ስለዚህ የነዳጅ ዶላር ማዳን ነው ዓላማችን ካልን፥ በሒሳቡም ቢሆን ታክሲው ይቀድማል።

ሁለተኛ፥ ለግል መኪና የዋጋ ጣራ ይደረግ። እንደ ኖርዌይ እስከ አንድ የታወቀ ዋጋ ድረስ ነፃ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ግብሩን ይክፈል። ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ ለመሙያ ጣቢያዎችና ለሾፌሮች ብድር ዋስትና ይዋል። ያን ጊዜ አጎቴ ለባንኩ የሚያስይዘው ቤት ባይኖረውም፥ መኪናይቱ ራሷና የመንግሥት ዋስትና ይቆሙለታል።

ሦስተኛ፥ ማበረታቻው መቼ እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን መቼና በምን ደረጃ እንደሚቀንስ አስቀድሞ በሕግ ይታወጅ። ማበረታቻ ለዘላለም አይቆይም፤ መቆየትም የለበትም። ግን የአሜሪካውን ዐይነት ድንገተኛ መቆረጥ ነጋዴውንም ገዢውንም ያሳብዳል። በየጊዜው የሚለዋወጥ መመሪያ የሚጠቅመው ወሬውን ቀድሞ ለሚሰማ ሰው ብቻ ነው።

አራተኛ፥ የሚያስገባም ሆነ የሚገጣጥም ድርጅት ከቀረጥ ነፃነቱ ጋር ግዴታ ይግባ። መለዋወጫ ያስቀምጥ፤ ለባትሪው የታወቀ የዓመት ዋስትና ይስጥ፤ መካኒኮች ያሠልጥን።

አምስተኛ፥ በእያንዳንዱ ማበረታቻ የተተወው ገንዘብ በየዓመቱ ተቆጥሮ፥ ለምን ዐይነት መኪናና ለስንት መኪና እንደተሰጠ ተለይቶ ለሕዝብ ይገለጽ። የተቆጠረ ነገር ይታረማል፤ ያልተቆጠረ ግን ያከራክራል እንጂ አይታረምም።

ከወንድሞቼ አንዳንዶቹ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ማንኛውም አዲስ ነገር መጀመሪያ በሀብታም ቤት ይገባል፤ ገበያው ሲሰፋ ይረክሳል፤ ያገለገለውም ወደ መካከለኛው ሰው ይወርዳል። ከመጀመሪያው ሀብታሙን ካስከፈልክ ነገሩ ሳይጀመር ይሞታል» ይላሉ። ይህ ክርክር እውነት አለበት። ኖርዌይም ለብዙ ዓመት የሀብታሞችን መኪና ስትደጉም ኖራለች። ነገር ግን በኛ አገር አንድ የተለየ ነገር አለ። እኛ የቤንዚኑን መኪና ጨርሰን ከልክለናል። ከውጭ አዲስ መኪና የሚያስገባ ሀብታም ከኤሌክትሪክ በቀር ምርጫ የለውም። ምርጫ የሌለውን ሰው እንዲመርጥ ማበረታታት ምን ማለት ነው? በሩ አንድ ብቻ ሲሆን በዚያ በር ለሚገባ ሰው የመግቢያ ሽልማት አይሰጥም። እገዳው ሥራውን እየሠራ ከሆነ፥ ሽልማቱ ወደሚያስፈልገው ሰው ሊዞር ይችላል።

ሌላው ተቃውሞ «ይህ የመንግሥት ባለሥልጣናትና የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፥ ተማሪ ምን አገባው?» የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ያ ግድብ ሲሠራ ቦንድ ያልገዛ ቤት ነበር? መምህሩ ከደመወዙ፥ ገበሬው ከእህሉ፥ ሊስትሮው ከሳንቲሙ አዋጥቷል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከምሳዬ ቀንሼ ሰጥቻለሁ፤ እናንተም እንደዚሁ። ኃይሉ የሁሉም ከሆነ ኃይሉ የሚሾፍራት መኪናም ለሁሉም መድረስ ይገባታል። ዛሬም በኩራዝ የሚያጠና ሕፃን በየገጠሩ መኖሩን ሳንረሳ፥ ከግድቡ የመጣው ኤሌክትሪክ የታክሲ ሰልፉን ቢያሳጥርለት የአዲስ አበባው ድኻ ቢያንስ ድርሻውን አገኘ ይባላል።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ አሳብ አቅርቤ ልቀመጥ። በዚህ ግቢ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና፥ የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች በአንድ የምግብ አዳራሽ እንበላለን፤ በሥራ ግን አንገናኝም። ከሦስቱም ክፍሎች የተውጣጣ አንድ የጥናት ቡድን ይቋቋም። የምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ሚኒባስ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድና ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ይለኩ። የሕግ ተማሪዎች መመሪያዎቹን ሰብስበው ያንብቡ። እኛ ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። ቡድኑ ከዚሁ ከበራችን ካለው የታክሲ ተራ ይጀምር፤ ሾፌሮቹንና ተራ አስከባሪዎቹን ይጠይቅ። የተገኘውም ውጤት በዚህ መጽሔታችን ታትሞ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይላክ። ቢሰሙን መልካም፤ ባይሰሙን እንኳ ነገ እኛው ራሳችን በነዚያ ወንበሮች ላይ ስንቀመጥ አላወቅንም ለማለት አንችልም።

በዚያን ጊዜ አጎቴ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። እናንተም እያንዳንዳችሁ የምትመልሱለት አንድ ሰው በየቤታችሁ እንዳለ አልጠራጠርም።